ቀለሃን ወደ ልኩ መመለስ

ጥይት ስንል አንድ ዕቃ ይመስለናል። ግን አራት ነው። ከፊት አረሩ አለ፤ ዒላማው ጋ የሚደርሰው እሱ ነው። ከኋላው ባሩድ አለ። ከግርጌ ደግሞ ቃታ ሲሳብ ተመትታ ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ መለኮሻ አለች። እነዚህን ሦስቱን አቅፎ የሚይዘው የናስ ቀፎ ቀለሃ ይባላል። ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ መለኮሻዋ ሥራዋን ጨርሳ ትሞታለች። ቀለሃው ግን ከጠመንጃው ወጥቶ ተኳሹ እግር ሥር ይወድቃል።

ስለ ጦርነት ስናወራ የምናወራው ስለሚሄደው ነው። ይሄ ጽሑፍ ስለሚቀረው ነው።

የኢትዮጵያን የጦር ታሪክ ስንማር ጠመንጃ መቁጠር ለምደናል። እከሌ ይህን ያህል ሺህ አስገባ፣ እከሌ ይህን ያህል ማረከ እንላለን። ጠመንጃ ግን አንዴ ከገባ አባት ለልጁ ያወርሰዋል። ጥይት አይወረስም፤ ይተኮሳል፣ ያልቃል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ጠመንጃ አለ?» ሳይሆን «ያለው ጥይት ሲያልቅ ሌላው ከየት ይመጣል?» ነው። ለረጅም ጊዜ መልሱ አንድ ነበር፦ ከባሕር ማዶ። ከባሕር ማዶ ሳይጠበቅ እዚሁ ሊሠራ የሚችለው ጥቂት ነገር የሚጀምረው ከዚያ ከወደቀው ባዶ ቀለሃ ነው። የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍል ደግሞ በይፋት በኩል ያለፈ ነው። ዛሬ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ስናልፍ ሙቀቱን ብቻ የምናስታውሰው ቆላ የጠመንጃ በር ነበር።

(ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ናስ የማይረሳው

መጀመሪያ ቀለሃው ላይ ምን እንደሚደርስ እንይ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ቀለሃ የሚሠራበት ናስ 70 በመቶ ገደማ መዳብ፣ 30 በመቶ ገደማ ዚንክ ነው። ይሄ ድብልቅ የተመረጠው ለውበቱ አይደለም። ጥይቱ ሲጎርስ ቀለሃው በጠመንጃው ጉሮሮ ውስጥ በትንሹ ላላ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ አለዚያማ አይገባም። ባሩዱ ሲነድ የጋሱ ግፊት ናሱን ወደ ውጭ ይለጥጠውና ከጉሮሮው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። በዚያች ቅጽበት ቀለሃው ውታፍ ይሆናል። ጋሱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚዘጋው እሱ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ናሱ ትንሽ ይሰበሰብና ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ተኳሹም መዝጊያውን ስቦ ያወጣዋል።

ቁልፉ «ትንሽ» የምትለዋ ቃል ናት። ናሱ ይሰበሰባል፣ ግን ወደ ድሮ ልኩ አይመለስም። የተተኮሰ ቀለሃ ካልተተኮሰው ይሰፋል፤ በዓይን የማይታይ፣ በጣት የማይለይ ልዩነት ነው። ቅርፁም የተተኮሰበትን የዚያን አንድ ጠመንጃ ጉሮሮ ቅርፅ ይይዛል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ ጉሮሯቸው በፀጉር ያህል ይለያያል። ስለዚህ ከእኔ ጠመንጃ የወጣ ቀለሃ እንደገና ቢሞላ የእኔን ሊጎርስ ይችላል፣ የአንተን ግን እምቢ ሊል ይችላል።

ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ጥይታቸውን ቤታቸው የሚሞሉ ዒላማ ተኳሾችና አዳኞች የመጀመሪያ ሥራቸው ይሄን ማቃናት ነው። ቀለሃው በደንብ ይጸዳል፣ በስሱ ቅባት ይነካል፣ ከዚያ በጠንካራ ብረት ውስጥ በልክ ወደተቦረቦረ ቅርፅ፣ ማሽኒስቶች ዳይ ወደሚሉት፣ በኃይል ይገፋል። ዳይው ናሱን ጨምቆ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። ቅባቱ ካነሰ ቀለሃው ዳይው ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። ከበዛ ደግሞ የሚሄድበት ያጣና የቀለሃውን ትከሻ ያሰረጉደዋል።

ግን ይሄ መመላለስ ዋጋ አለው። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ስናጥፈው መጀመሪያ ይጠነክራል፣ ቀጥሎ ይሰበራል። ናስም እንደዚያው ነው። በተኩስ ተለጥጦ፣ በዳይ ተጨምቆ፣ እንደገና ተለጥጦ አንድ ቀን አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ባስ ሲል ከወገቡ ይበጠስና ግማሹ ጉሮሮው ውስጥ ይቀራል። አንገቱን በእሳት አሙቆ ማለስለስ ዕድሜውን ያረዝማል። መቀመጫውን ግን እሳት ሊነካው አይገባም፤ ግፊቱን የሚሸከመው እሱ ነውና ከለሰለሰ አደጋ ነው።

እንግዲህ ቀለሃን መመለስ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ልክ የያዘ ብረት፣ እሳትን የሚያውቅ እጅ፣ እና ትዕግሥት። ሦስቱም በሸዋ ነበሩ። እንዴት እንደነበሩ ወደኋላ እንመለስ።

ቀለሃ ወደ አገራችን ሲመጣ

ከቀለሃ በፊት ጠመንጃ በአፈሙዙ ነበር የሚጎርሰው። ባሩድ ይፈሳል፣ አረር ይገባል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ አገር ቤት ራሱን ችሎ ነበር ማለት ይቻላል። አረሩ የሚቀልጥ እርሳስ ነው። ባሩዱ ከሰል፣ ድኝና ናይትሬት ያለው ጨው ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በ1830ዎቹ አንኮበር የደረሱ አውሮፓውያን፣ በተለይም በ1833 የመጣው የእንግሊዙ ልዑክ ካፒቴን ሃሪስ፣ ከአዋሽ አጠገብ ስላለው የዶፋን እሳተ ገሞራና ስለ ድኙ ጽፈዋል። ማለትም የባሩዱ አንዱ ቅመም ከይፋት ቁልቁል በሚታየው ሜዳ ላይ ነበር። ንጉሡ ከውጭ የሚፈልጉት ጠመንጃውን እንጂ የጠመንጃውን ምግብ አልነበረም።

ይሄን ሚዛን የሰበረው መሣሪያ የመጣው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ መቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ሜዳ፣ የናፒየር ወታደሮች ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ተኮሱ። የእንግሊዝ ጦር ስናይደርን በጦር ሜዳ የሞከረው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነው። የዓፄ ቴዎድሮስ ሰዎች በመቶዎች ወደቁ፤ ከእንግሊዝ በኩል እዚያው ሜዳ ላይ የሞተ አልነበረም። እኛ አፍ «ስናድር» ሆኖ የቀረው ያ ጠመንጃ ነው።

ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን ይዘው መድፍ ያስቀለጡ ሰው ናቸው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን መቅደላ ድረስ አስጎተቱ። መድፍ ማቅለጥ ከባድ ሥራ ነው፤ ግን ከደወልና ከድስት ሥራ ጋር ዘመድ ነው። ቀለሃ የሌላ ዓለም ዕቃ ነው። ከናስ ዝርግ ትንሽ ሲኒ ይወጣል፣ ሲኒው በማተሚያ ተገፍቶ ይረዝማል፣ በእሳት ይለሰልሳል፣ እንደገና ይገፋል፣ እንደገና ይለሰልሳል፤ በመጨረሻ ግድግዳው ስስ፣ መቀመጫው ወፍራም ይሆናል። ይሄ ሁሉ ደግሞ ሺህ ጊዜ ተደግሞ አንዱ ከሌላው መለየት የለበትም። ለኔ የጋፋትና የአሮጌ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ነገር መሥራትና አንድ ትንሽ ነገር ሚሊዮን ጊዜ በአንድ ልክ መሥራት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ዓለም ወደ ሁለተኛው ዞረ፤ እኛ የመጀመሪያውን ገና እየጀመርን ነበር።

በይፋት በር

ንጉሥ ምኒልክ ይሄን ቀድመው ከገባቸው ሰዎች አንዱ ይመስሉኛል። ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ፋሬ የሚደርስ የግመል መንገድ ነበር። ፋሬ ይፋት ውስጥ ነው። ከዚያ ጭነቱ በአጋሰስና በሰው ወደ አንኮበር ይወጣል። አልዩ አምባ ገበያው አፋሩን፣ አርጎባውን፣ አማራውንና ኦሮሞውን የሚያገናኝበት ቦታም እዚሁ መስመር ላይ ነው። ጨው ወደ ላይ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ታች ይሄዳል። ከዚያ ጠመንጃ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ።

ከነጋዴዎቹ አንዱን ዓለም በሌላ ሥራው ያውቀዋል፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ። ግጥም መጻፍ ከተወ ዓመታት ካለፉት በኋላ፣ በ1879 መጀመሪያ ከታጁራ ተነስቶ ጥር መጨረሻ ላይ አንኮበር ደረሰ። የያዘው 2,000 ገደማ አሮጌ፣ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት ነበር። ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ታኅሣሥ 29 ጨለንቆ ላይ ተዋግተው ሐረርን ይዘው ነበር። በኋላ እንጦጦ ላይ ሲገናኙ ምኒልክ የከፈሉት ነጋዴው ካሰበው በታች ሆነ። ራምቦ በደብዳቤው አማረረ። በምኒልክ ዓይን ካየነው ግን ነገሩ ግልጽ ነው። አሮጌው ጠመንጃ ለእሳቸው እየረከሰ የመጣ ዕቃ ነበር።

ለምን ረከሰ? በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ ፈረንሳይ ጭስ የሌለውን ባሩድ የሚጠቀም ሌበል የተባለ ጠመንጃ አወጣች። በአንድ ቀን የዓለም ጦር ሁሉ ጠመንጃ አረጀ። ፈረንሳይ ራሷ ከ1874 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የያዘችው ፉዚ ግራ ሥራ ፈት ሆነና በርካሽ ወደ ቀይ ባሕር ጎረፈ። አያቶቻችን ስሙን «ውጅግራ» አሉት።

ውጅግራ ለአውሮፓ ያለፈበት፣ ለእኛ ግን የተመቸ መሣሪያ ነበር። ምቾቱ በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። አረሩ 11 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 25 ግራም ክብደት ያለው እርሳስ ነው፤ እርሳስ ማንም ያቀልጣል። ባሩዱ ጥቁር ባሩድ ነው፤ ሸዋ ሲሠራው የኖረ። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ቀለሃውን ሞልቶ የሚቀመጥ ስለሆነ ሞዪው ቢሳሳት እንኳ ጉሮሮ የሚያፈነዳ መጠን ማጎር ይከብደዋል። ግፊቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ናሱን ቶሎ አይጎዳውም። ከአራቱ የጥይት ክፍሎች ሁለቱ ከአገር ይገኛሉ፤ ሦስተኛው፣ ቀለሃው፣ ከተለቀመና ወደ ልኩ ከተመለሰ ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል። ከውጭ የግድ የሚመጣው መለኮሻዋ ብቻ ናት።

ስለዚህ ባዶ ቀለሃ አይጣልም ነበር። ይለቀማል፣ ይሸጣል፣ ይሞላል።

ገንዘብ የሆነ ጥይት

በዚያ ዘመን የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሄድ እንደነበር ብዙ መንገደኞች መዝግበውታል። ማሪያ ቴሬዛ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው። ዶሮ ለመግዛት አይሆንም። አሞሌ ጨው በዝናብ ይሟሟል፣ ጠርዙ ይሰበራል። ጥይት ግን አንድ ዓይነት ቅርፅ አለው፣ አይበላሽም፣ ሁሉም ይፈልገዋል። ከሳንቲም የሚጠበቀውን ሁሉ ያሟላል።

ይሄን ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ አስቂኝ ነገር ነው የምንሰማው። ቆም ብለን ካሰብነው ግን ሳቁ ይጠፋል። ገንዘብ ዋጋ የሚኖረው እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው። ጥይት ገንዘብ ሆነ ማለት ጥይት እንደ ልብ አይገኝም ማለት ነው። ደግሞ ሌላ ነገርም አለ። የዚህን ገንዘብ መጠን የሚወስነው ግምጃ ቤቱ አይደለም፤ ማርሴይ፣ ጂቡቲና ምጽዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

የባለ እጁ ቤት

ቀለሃውን ማን ነው ወደ ልኩ የሚመልሰው? ጠመንጃ የሚጠግን፣ መዝጊያ የሚሞርድ፣ ናስ የሚያለሰልስ ማን ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቀጥቃጩ ነው። ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ የሚሰደበው፣ ልጁን የማንድረው፣ ማታ ዓይኑን የምንፈራው ሰው።

ሸዋ ውስጥ እነዚህ ባለ እጆች ከቤተ መንግሥቱ ሩቅ አልነበሩም። በ1830ዎቹ የመጡት መንገደኞች ከአንኮበር አጠገብ በጫካው ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ንጉሡ ለሥራ ስለሚጠቀሙባቸው፣ ሕዝቡ ግን ስለሚፈራቸው «ጠቢባን» ጽፈዋል። ስሙ ራሱ የሚገርም ነው። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ ማለት ነው። ዐዋቂ ብለን ሰይመን፣ ዐዋቂ ስለሆነ ፈራነው። ዓፄ ምኒልክ በኋላ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ የሚነገረው ግን ስድቡ ስላለ ነው።

እንደ መሐንዲስ ካየሁት ኪሳራው ከሞራልም ያለፈ ነው። ቀለሃ ወደ ልኩ መመለስ ልክ ይጠይቃል ብያለሁ። ልክ የሚጠራቀመው አንዱ ባለሙያ ለሌላው ሲያስተላልፍ፣ ሲጻፍ፣ ሲነጻጸር ነው። አንኮበር ያለው ቀጥቃጭ የሠራው ዳይ ሐረር ካለው ጋር እኩል እንዲሆን ሁለቱ ሰዎች መገናኘት፣ መከበር፣ አንድ መለኪያ መያዝ አለባቸው። አውሮፓ ውስጥ ይሄ ነገር ማኅበር ሆነ፣ ትምህርት ቤት ሆነ፣ ፋብሪካ ሆነ። እኛ ጋ እያንዳንዱ ባለ እጅ ለራሱ ብቻ ዐዋቂ ሆኖ ቀረ። ጥበቡ ነበረ፤ የሚደመርበት ቦታ አልነበረውም።

ከውጭ የመጡትማ ተከብረው ነበር። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ምኒልክ ዘንድ የገባው በ1871 አንኮበር ላይ ነው፤ ኋላ የንጉሡ አማካሪ እስከመሆን ደረሰ። ለሥራው ይገባዋል። ግን እዚያው ጫካ ውስጥ ያለው ጠይብ ልጅ ከኢልግ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቢማር ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ሁለት ሚሊዮን

ምኒልክ ክፍተቱን በጊዜው ባለው መንገድ ሞሉት፤ በዲፕሎማሲ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የውጫሌ ውል ተፈረመ። ውሉ ካመጣቸው ነገሮች አንዱ የጦር መሣሪያ ነው። አንቀጽ 17 ላይ ጣሊያን ኢትዮጵያን ጠባቂዋ ነኝ ስትል ነገሩ ተበላሸ፤ ምኒልክም ውሉን በየካቲት 1885 ሙሉ በሙሉ እንደሰረዙት አስታወቁ። ከመሰረዙ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ጣሊያን ምኒልክን ለማባበል የላከችው 2 ሚሊዮን ጥይት ገብቶ ነበር።

እስቲ ይሄን ቁጥር በግመል እንመንዝረው። አንዱ ጥይት 35 ግራም ቢመዝን 2 ሚሊዮኑ 70 ቶን ነው። አንድ ግመል 200 ኪሎ ቢሸከም 350 ግመል ይሆናል። ጭነቱ ገባ፤ ውሉ ተቀደደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ዐድዋ ላይ ነበር።

ይሄ የምኒልክ ብልሃት ነው፣ ልናደንቀውም ይገባል። ግን ምን ዓይነት ብልሃት እንደሆነ እንወቅ። ከጠላት ጥይት ተቀብሎ ጠላትን መምታት የሚቻለው ጠላት አንዴ ሲሳሳት ነው። ሁለተኛ አይሳሳትም።

ጭሱ ሲጠፋ

ከዐድዋ በኋላ ባሉት 40 ዓመታት ጠመንጃ መግባቱ ቀጠለ። መውዜሩ፣ ሌበሉ፣ ምንሽሩ መጣ። በወረቀት ላይ እድገት ነው፤ ሩቅ ይመታሉ፣ ጭስ የላቸውም፣ ተኳሹን አያጋልጡም። በቀለሃው በኩል ስናየው ግን ወደኋላ የሄድንበት ዘመን ነው።

ምክንያቱ ባሩዱ ነው። ጭስ የሌለው ባሩድ ከሰልና ድኝ አይደለም። በአሲድ የተሠራ የኬሚስትሪ ውጤት ነው፤ ዶፋን ተራራ ላይ አይለቀምም። ኃይሉ ብዙ፣ መጠኑ ጥቂት ስለሆነ ቀለሃውን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ሊገድል የሚችል ስሕተት ያስተናግዳል። ግፊቱም ከጥቁር ባሩድ በጣም ስለሚበልጥ የቀለሃው ልክ ላይ ቀልድ የለም። የውጅግራ ቀለሃ ቢሰነጠቅ ጋስ ይተፋል። የመውዜር ቀለሃ ቢበጠስ መዝጊያውን ሊሰብር ይችላል። በአንድ ትውልድ ውስጥ የሸዋ ባለ እጅ የሚያውቀው ሁሉ ግማሽ ሆነ። ከአራቱ ክፍሎች አሁን በእጁ የቀሩት እርሳስና ባዶ ቀለሃ ብቻ ነበሩ።

ከዚህ በላይ ደግሞ የዓይነቱ ብዛት አለ። አንድ ጦር ውስጥ ውጅግራ 11፣ ሌበል 8፣ መውዜር 7.92 ሚሊሜትር ይዘው የሚሰለፉ ሰዎች ነበሩ። ሶፍትዌር የሠራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይሠራል፣ እርስ በርስ ግን አይነጋገሩም። ጎረቤትህ ሳጥን ሙሉ ጥይት ይዞ አንተ ባዶ እጅህን ልትሞት ትችላለህ።

በ1927 ክረምት ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። እኩል ፍርድ ይመስላል። ጣሊያን ግን ጥይቷን ራሷ ታመርታለች። የማያመርተው አንዱ ወገን ብቻ ነበር። እገዳው ከጥቂት ወራት በኋላ ለኢትዮጵያ ቢነሳም ጊዜው ሄዷል።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ሆነ። ሚያዝያ 18 የባዶሊዮ ዋና ጦር በመኪና ከደሴ ተነሳ። መንገዱ በይፋት ቆላ የሚወርደው የንጉሡ መንገድ ነበር። የያዘው ከሺህ የሚበልጥ መኪና፣ ታንክና መድፍ ነው። በጉዞው ላይ ክፉኛ ያዘገየው ጣርማ በር ላይ የፈረሰው መንገድ ነበር። ድንጋይ አቆመው እንጂ ጥይት አላቆመውም። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ከ50 ዓመት በፊት ጠመንጃ ወደ ሸዋ በግመል ሲገባበት የነበረው ቆላ አሁን የጠላት ሠራዊት መተላለፊያ ሆነ።

አምስቱ ዓመት

ከዚያ በኋላ በመንዝ፣ በይፋት፣ በተጉለትና በቡልጋ የተዋጉት አርበኞች፣ የነራስ አበበ አረጋይ ጦር ጭምር፣ የጥይትን ጥያቄ በየቀኑ ነበር የሚመልሱት። ባሕር ዝግ ነው። ነጋዴ የለም። ምንጩ አንድ ነው፤ ጠላት ራሱ። ነገር ግን ከጣሊያን ወታደር የተማረከ 6.5 ሚሊሜትር ጥይት መውዜር አይጎርሰውም። ስለዚህ አርበኛው ጥይቱን ብቻ ሳይሆን ጠመንጃውንም መማረክ ነበረበት። የአባቱን ጠመንጃ ሰቅሎ የጠላቱን ማንገት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚተኩሰው ጠላት ያመጣለትን ያህል ነው።

በከተማ ደግሞ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ጥይትና መድኃኒት በድብቅ ወደ በረሃ ይልኩ ነበር። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይሄ ብዙ ጊዜ «ስንቅና ትጥቅ በማቀበል» ተብሎ በአንድ ሐረግ ያልፋል። ጥይት ከየት እንደሚመጣ ያየ ሰው ግን ይሄ ሐረግ የጦርነቱ ግማሽ እንደሆነ ይገባዋል። እያንዳንዷ ጥይት በሰው እጅ፣ በሰው ነፍስ ተይዛ ነው የምትደርሰው። እንዲህ ሆና የደረሰች ጥይት በከንቱ አትተኮስም።

ዛሬ መሬት ላይ ያለው

አሁን ኢትዮጵያ ጥይት ታመርታለች። በደርግ ዘመን መጨረሻ አምቦ አካባቢ የተቋቋመው ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ አለ። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የጀመሩት ጥያቄ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ግን ቀለሃው ተቀይሯል። ዛሬ በአገራችን በብዛት የሚታየው የክላሽ 7.62 በ39 ጥይት ነው፤ የዓለም ፋብሪካዎች ከሚያመርቱት የዚህ ጥይት ቀለሃ አብዛኛው ናስ አይደለም፤ ዝገት እንዳይነካው የተቀባ ስስ ብረት ነው። መለኮሻዋም የምትቀመጥበት ቦታ በቀላሉ እንዳትወጣ ሆኖ የተሠራ ነው። ብረት እንደ ናስ አይታዘዝም፤ ወደ ልኩ መመለስ ከናስ ይልቅ ይከብዳል። ይሄ ጉድለት አይደለም፤ በዕቅድ የተሠራ ነው። ርካሽ ይሁን፣ ብዙ ይሁን፣ አንዴ ይተኮስ፣ ይጣል ተብሎ።

ባለፉት ዓመታት ይፋት ቆላ ይሄን ቀለሃ ብዙ አይቷል። አጣዬ በ2013 ተቃጠለች። በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ። በ2015 ጀውሃ ላይ ተኩስ ነበር፤ የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ተዘጋ። ከዚያም በኋላ አላበቃም። ማን ጀመረው የሚለውን ሌሎች ይጻፉት። እኔ የማየው መሬቱን ነው። ማሽላ በሚዘራበት አፈር ውስጥ የቀረ የዛገ ብረት ቀለሃ አለ። ማንም አይለቅመውም። ገበያ አይወስደውም፣ ቀጥቃጭ አይፈልገውም፣ ዶሮ አይገዛም።

ጥይት ብርቅ የነበረበትን ዘመን እንድንናፍቅ እያልኩ አይደለም። ያ ብርቅነት አገር አስደፍሯል። ግን ብርቅ የሆነ ነገር ሰውን ያስቆጥራል። የውጅግራ ባለቤት ቃታ ከመሳቡ በፊት አንድ ዶሮ፣ አንድ ቀን መንገድ፣ አንድ የቀጥቃጭ ሥራ እየተኮሰ እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ ቁጠባው ጠፍቷል፤ የጎደለው ግን እዚያው እንዳለ ነው። ባለ እጁ ዛሬም ልኩን አላገኘም። ፋብሪካ ተክለናል፣ ቀጥቃጩን ግን ገና ከነስድቡ ነው ያስቀመጥነው። አንኮበር አካባቢ ያሉ የሸማና የብረት ባለሙያዎችን ቅርስ ብለን ፎቶ እናነሳለን፤ ልጃቸው መሐንዲስ ሲሆን ግን የማን ልጅ እንደሆነ ላለመናገር ይጠነቀቃል።

ናስ ተለጥጦ በራሱ ወደ ልኩ አይመለስም። ልኩን የሚያውቅ ሰው፣ ልክ የያዘ ብረትና የለሰለሰ አንገት ይፈልጋል። ሳይሰነጠቅ ደግሞ ነው መመለስ ያለበት፤ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚሠራ ዳይ የለም።